የትንሿን የጭነት መኪና መሪ የሚያዞር አገልጋይ ስለ መምረጥ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሳይንስ ክበብ ስም የተነገረ ንግግር)



የተሰጠን ጊዜ አጭር ነው። ስለዚህ ስለ ብዙ ነገር ጥቂት ጥቂት ከመናገር ይልቅ፥ ስለ አንድ ትንሽ ነገር አጥርተን ለመናገር መርጠናል። ይኸውም በዚህ ጠረጴዛ ላይ የምታዩት፥ ከክብሪት ሣጥን እምብዛም የማይበልጥ፥ ሦስት ሽቦ የተንጠለጠለበት ጥቁር ዕቃ ነው። ስሙ ሰርቮ ይባላል። ሥራውም ክበባችን በሬድዮ በሚነዳት ትንሽ የጭነት መኪና ላይ የፊት ጎማዎችን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ማዞር ነው።

ምናልባት ከወላጆቻችን መካከል «ልጆቹ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ደርሶባቸው ሳለ በአሻንጉሊት ይጫወታሉ» የሚል ይኖር ይሆናል። ይህን ለሚሉን በትሕትና የምንመልሰው ነገር አለን። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል፥ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የጉናን ተራራ ተጠግቶ ወደ ነፋስ መውጫ የሚመጣውን፥ ከዚያም ወደ ወልድያ የሚዘልቀውን፥ ቻይናውያን የሠሩትን መንገድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በዚያ መንገድ ላይ ድንች ጭኖ ቍልቍለት የሚወርድ አይሱዙ ሞተሩ ቢደክም ከመንገዱ ዳር ይቆማል፤ ተሳፋሪውም ወርዶ ያርፋል። መሪው አልታዘዝ ካለ ግን የሚቆምበት ቦታ ገደል ነው። እንግዲህ መሪ እንዴት እንደሚታዘዝ፥ ለምንስ መታዘዝ እንደሚያቅተው በትንሽ መኪና ላይ መመርመር፥ ጨዋታም ቢመስል ከንቱ ጨዋታ አይደለም።

አስቀድመን ስለ ስሙ እንናገር። «ሰርቮ» የሚለው ቃል ከላቲን ቋንቋ የመጣ ሲሆን፥ ሥሩ አገልጋይ ወይም ባሪያ ማለት ነው። ዦዜፍ ፋርኮ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1868 የመርከብን መሪ በእንፋሎት ኀይል ስለሚያዞር መሣሪያ ሲያስረዳ በዚህ ስም እንደ ተጠቀመ ይነገራል። በዚያ ዘመን መርከቦች እየተለቁና እየከበዱ ስለ ሄዱ፥ ብዙ መርከበኞች ተረባርበው በጭንቅ የሚያዞሩትን መሪ አንድ ሰው በቀላሉ እንዲያዝዘው ማድረግ አስፈላጊ ሆነ። ሰውየው ያዝዛል፤ ብርቱው አገልጋይ ይፈጽማል፤ ስሙም ከዚህ ወጣ።

ያ ዓመት በእኛ አቈጣጠር በአብዛኛው 1860 ዓ.ም. ነው። በዚያው በ1860 ዓ.ም. በዚህ በእኛ አገር በኩል ሌላ ከባድ ነገር በመንኰራኵር ላይ ሆኖ ያልፍ ነበር። እርሱም አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት፥ የእጅ ሙያ ባላቸው የአውሮፓ ሚስዮናውያን ያሠሩት፥ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በዓመቱ መግቢያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው በጋይንት በኩል አቀኑ፤ መቅደላ የደረሱትም በመጋቢት ወር ነው። ብዙ መቶ ሰዎች መድፉን በገመድ ይጎትቱት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም መንገዱን በየቦታው እያስጠረቡ፥ ራሳቸውም ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ እያነሡ ተጓዙ። በታሪክ ትምህርታችን ብዙ ጊዜ የምንሰማው የጎተቱትን ሰዎች ጕልበት ነው። እኛ ግን ዛሬ ሌላውን ነገር እንድታስተውሉ እንለምናለን። አስቀድሞ የጭነቱ ክብደት ታወቀ፤ ከዚያም መንገዱ ለጭነቱ ተሠራ። ይህ ባይሆን ኖሮ ያ ሁሉ ጕልበት መድፉን ከመጀመሪያው ገደል ባላሳለፈው ነበር። እንግዲህ ከሥራ በፊት ጭነትን ማወቅ ለአገራችን እንግዳ ትምህርት አይደለም።

አሁን ወደ ትንሹ አገልጋያችን እንመለስ። በሆዱ ውስጥ አራት ነገሮች አሉት፤ ትንሽ ሞተር፥ የሞተሩን ፍጥነት ቀንሰው ጕልበቱን የሚያበዙ ጥርሶች፥ ክንዱ የት እንደ ደረሰ የሚያውቅ መለኪያ፥ እነዚህንም የሚያስተባብር የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ናቸው። ትእዛዙ በአንዱ ሽቦ በኩል በሰከንድ 50 ጊዜ አጭር የኤሌክትሪክ ምት ሆኖ ይመጣል። ምቱ ከሰከንድ ሺኛ ክፍል አንድ ተኩል ያህል ቢቈይ ክንዱ መካከል ላይ ይቆማል፤ አንድ ብቻ ቢሆን ወደ አንደኛው ጎን፥ ሁለት ቢሆን ወደ ሌላው ጎን ይዞራል። ሰርቮው የታዘዘበትን ስፍራና አሁን ያለበትን ስፍራ ዘወትር ያስተያያል፤ ልዩነት ካለም እስኪስተካከል ድረስ ይሠራል። ተራ ሞተር እንዲሁ ይሽከረከራል እንጂ የት እንደ ደረሰ አያውቅም። ሰርቮ ግን መልእክቱን ማድረሱን ሳያረጋግጥ እንደማይመለስ ታማኝ መልእክተኛ ነው። ድንጋይ ጎማውን ገፍቶ ቢያጣምመው እንኳ፥ አቅሙ እስከ ፈቀደ ድረስ ወደ ታዘዘበት ስፍራ መልሶ ይገፋዋል። «አቅሙ እስከ ፈቀደ ድረስ» ያልነውን ቃል ያዙልን፤ የዛሬው ነገራችን ሁሉ በዚህ ላይ ነው።

መኪናችን በዕንጨትና በቆርቆሮ የተሠራች፥ ጎማዎችዋ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቈረጡ፥ ከነጭነትዋ 4 ኪሎ የምትመዝን ናት። ለመሪዋ ከአንድ ሰርቮ በላይ የሚገዛ ገንዘብ አልነበረንም። ዕቃውም ከአዲስ አበባ፥ ከመርካቶ የሚመጣ ስለ ሆነ፥ መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ አንድ ወር ሙሉ ሊቈይ ይችላል። የተሳሳተ ዕቃ ቢመጣ የሚለውጥልን የለም፤ መኪናዋም በዛሬው በዓል በታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን መካከል የምታልፍ ናት። በዚህ ምክንያት በክበባችን ውስጥ ብርቱ ክርክር ተነሣ።

አንደኛው ወገን «ለፊዚክስ ሙከራ የመጣችው ትንሿ ሰርቮ ትበቃናለች፤ ገንዘቡን ለባትሪ እናውለው» አለ። ሁለተኛው ወገን «ከማነስ መብዛት ይሻላል፤ 20 ኪሎ ታነሣለች የተባለችውን ትልቋን እንግዛ» አለ። ሦስተኛው ወገን «መሪ ዋናው ነገር ቅልጥፍና ነውና ከሁሉ ፈጣኑ ይሁን» አለ። ሁሉም በየበኩሉ ሲናገር፥ ከእስቴ የመጣ አንድ ጓደኛችን እንዲህ ሲል ጠየቀ፦ «አባቴ በሬ ሊገዛ ሲሄድ አስቀድሞ የሚያስበው የገበያውን በሬ ሳይሆን የራሱን መሬት ነው። የሚታረሰው ዋልካ ነው ወይስ አሸዋማ? የእኛስ መሬት ምንድን ነው?» ይህን በሰማን ጊዜ ሁላችንም ዝም አልን፤ መሬታችንን ገና አልለካንም ነበርና። ክርክሩን ትተን ወደ ላቦራቶሪ ሄደን የሽቦ ጥቅልል ሚዛኑን አመጣን።

የማዞር ኀይል የሚለካው በኪሎ ብቻ አይደለም። በር ስትከፍቱ ማጠፊያው አጠገብ ብትገፉ እንደሚከብድ፥ እጀታው ዘንድ ብትገፉ ግን እንደሚቀል ታውቃላችሁ። ስለዚህ የሰርቮ ኀይል በኪሎና በሴንቲ ሜትር ብዜት ይነገራል። 10 የተባለ ሰርቮ ከእምብርቱ 1 ሴንቲ ሜትር ርቆ 10 ኪሎ፥ 2 ሴንቲ ሜትር ርቆ ግን 5 ኪሎ ብቻ ይገፋል ማለት ነው። የመኪናችን ጎማ የሚዞርበት ክንድ ርዝመቱ 2 ሴንቲ ሜትር ነው። በዚህ ክንድ ጫፍ ላይ ሚዛኑን አስረን፥ መኪናዋን ከነጭነትዋ አቁመን፥ ጎማው እስኪዞር ድረስ ሳብነው። በክፍሉ ለስላሳ ሲሚንቶ ላይ 1 ኪሎ አነበብን፤ በሁለት ሲባዛ 2 ሆነ። በግቢው ጠጠር ላይ 1.6 ኪሎ አነበብን፤ 3.2 ሆነ። ጎማው በድንጋይ ላይ ተደግፎ ሳለ ግን 3 ኪሎ አነበብን፤ ይህም 6 ሆነ። እንግዲህ መሬታችን ታወቀ፤ የዘወትር ሥራው 3.2፥ አልፎ አልፎ የሚያጋጥመው ችግር 6 ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ገበያው ተመለከትን። ኤስጂ 90 የምትባለው ትንሿ ሰርቮ 9 ግራም ትመዝናለች፤ በ4.8 ቮልት ኀይልዋ 1.8 ነው። በለስላሳው ሲሚንቶ ላይ እንኳ የቆመችውን መኪና ለማዞር አትበቃም። ኤምጂ 90 ኤስ የምትባለው ታላቅ እኅትዋ ጥርሶችዋ የብረት ናቸው፤ ነገር ግን በ6 ቮልት እንኳ ኀይልዋ 2.2 ብቻ ነው። ብረት ጥርስ ጥንካሬ ይሰጣል እንጂ ጕልበት አይጨምርም፤ ብዙ ሰው እነዚህን ሁለቱን ያደባልቃል። ኤምጂ 996 አር የሚባለው ደግሞ 55 ግራም ይመዝናል፤ በ4.8 ቮልት 9.4፥ በ6 ቮልት 11 ኀይል እንዳለው በወረቀቱ ተጽፏል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በወረቀት ላይ የሚጻፈው ቍጥር ሰርቮው ከዚያ በላይ መሄድ አቅቶት የሚቆምበት የመጨረሻው ኀይል ነው። በሬም በሙሉ ጕልበቱ አንድ ጊዜ ይስባል እንጂ በዚያ ጕልበት ቀኑን ሙሉ አያርስም። ሰርቮም በመጨረሻ ኀይሉ ሲገፋ ቢቈይ ይግላል፤ ጥቅልሉም ይቃጠላል። ስለዚህ የዘወትሩ ሥራ ከተጻፈው ቍጥር ሲሦ ያህል፥ ቢበዛም ግማሽ እንዲሆን ወሰንን። 3.2 የ9.4 ሲሦ ያህል ነው። ድንጋይ ሲያጋጥም የሚያስፈልገው 6 ደግሞ ከ9.4 በታች ስለ ሆነ ለጥቂት ጊዜ ይቻላል። መካከለኛውን የመረጥነው በዚህ ስሌት ነው እንጂ ሁለቱን ወገኖች ለማስታረቅ ብለን አይደለም።

«ታዲያ 20 የሚለው ቢገዛ ምን ይጎዳል?» ትሉን ይሆናል። አንደኛ፥ ይበልጥ ብርቱ የሆነ ሰርቮ ሲጨነቅ ይበልጥ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ የእኛ ባትሪ ግን ትንሽ ነው። ሁለተኛ፥ በመሪው መያያዣዎች መካከል ከሁሉ ደካማ የሆነ አንድ ቦታ ምንጊዜም አለ። ጎማው በሁለት ድንጋይ መካከል ቢያዝ ደካማው ሰርቮ ይቆማል፤ ከመጠን በላይ ብርቱው ግን የቆርቆሮውን ክንድ ያጣምመዋል። የበሬው ጕልበት ከሞፈሩ ጥንካሬ ጋር መመጣጠን እንዳለበት ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል።

ፍጥነትን የመረጡ ጓደኞቻችን ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። የሰርቮ ፍጥነት የሚነገረው ክንዱ 60 ዲግሪ ለመዞር በሚፈጅበት ጊዜ ሲሆን፥ የመረጥነው በ4.8 ቮልት 0.17 ሰከንድ ይፈጅበታል። መኪናችን በሰከንድ 1 ሜትር ብትሄድ፥ በዚያ ጊዜ ውስጥ የምታልፈው 17 ሴንቲ ሜትር ነው። ለእሽቅድምድም መኪና ይህ ብዙ ነው፤ ጭነት ይዛ ቀስ ብላ ለምትሄድ ግን ይበቃል። የሰርቮውን ክንድ አሳጥሮ ኀይል መጨመር ይቻላል ያሉም ነበሩ። እውነት ነው፤ የሰርቮው ክንድ 1 ሴንቲ ሜትር ቢሆን የሚገፋው ኀይል እጥፍ ይሆናል፤ ነገር ግን ጎማው የሚዞርበት ማዕዘን በግማሽ ያህል ያንሳል። እንዲህ ያለች መኪና በሰፊ ሜዳ ትታጠፍ ይሆናል፤ በጨጨሆ ጥምዝምዝ ላይ ግን አታልፍም።

ብርቱ አገልጋይ መግዛት ብቻ አይበቃም፤ እንደ ሥራው መመገብ ያስፈልጋል። የመረጥነው ሰርቮ በ6 ቮልት ሙሉ በሙሉ ሲጨነቅ እስከ 2.5 አምፔር ይስባል። ይህን ያህል ፍሰት ትእዛዝ ከሚሰጠው ትንሽ ሰሌዳ ላይ ቢጠየቅ ቮልቱ ይወርዳል፤ ሰሌዳውም ጠፍቶ እንደ ገና ይነሣል። ተመልካች «ሰርቮው ተበላሸ» ይላል፤ የተበላሸ ግን ምንም የለም፤ የተራበ ነው። ስለዚህ ለሰርቮው ለብቻው እየተሞሉ የሚሠሩ አራት ባትሪዎች አደረግንለት፤ እያንዳንዳቸው 1.2 ቮልት ስለ ሆኑ በአንድነት 4.8 ይሆናሉ። ቀዩን ሽቦ ከባትሪው ፖዘቲቭ፥ ቡናማውን ከኔጋቲቩ አገናኘን፤ ብርቱካናማው የትእዛዙ መንገድ ነው። የባትሪውና የሰሌዳው ኔጋቲቮች ካልተያያዙ ትእዛዙ እንደማይሰማ ታናናሾቻችን ልብ ይበሉ። የነፋስ መውጫ ብርድም ባትሪን ያደክማልና፥ ጠዋት ከሥራ በፊት ባትሪዎቹን በጋቢ ጠቅልለን እናቈያቸዋለን።

ዕቃው ከመጣ በኋላም ወዲያው አላመንነውም። በውጭ የተጻፈውና በውስጥ ያለው በገበያ ላይ ሁልጊዜ አንድ አይሆንም። ስለዚህ ሰርቮውን በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ በብሎን አጥብቀን፥ 2 ሴንቲ ሜትር በሆነ ክንዱ ጫፍ ላይ 3 ኪሎ ድንጋይ በከረጢት አንጠለጠልንበት፤ ይህ በትክክል ያንን 6 ይሆናል። ክንዱ አግድም ሆኖ ሳለ ከረጢቱን አነሣው። ይህን ሃያ ጊዜ፥ በየመካከሉ እያሳረፍን ደጋገምነው፤ በእጃችን ስንዳስሰው ሞቀ እንጂ አልጋለም። ከዚያ በኋላ ነው ወደ መኪናዋ የገባው።

ስናስገባውም ሦስት ነገሮችን ጠበቅን። መጀመሪያ የመካከለኛውን ትእዛዝ ልከን፥ ክንዱ በትክክል መካከል ሲሆን አሠርነው። ሁለተኛ፥ ጎማው ከሻሲው ጋር ከመጋጨቱ በፊት ትእዛዙ እንዲያበቃ ወሰን አደረግንለት። አንድ ሰርቮ ሳይንቀሳቀስ ሲያንጐራጕር ብትሰሙ የማይቻለውን እየገፋ ነውና ቶሎ አሳርፉት። ሦስተኛ፥ በሰርቮውና በጎማው መካከል ጠንካራ የሽቦ ጥቅልል አስገባን፤ ድንጋይ በድንገት ጎማውን ሲመታ ጥርሶቹ ሳይሆኑ ጥቅልሉ ግፊቱን እንዲቀበል ነው። ከዚህም በላይ የሬድዮው ትእዛዝ ቢቋረጥ የኋላው ሞተር እንዲቆም አድርገናል፤ መሪ የሌለው መኪና መሄድ የለበትምና።

የተወደዳችሁ አድማጮቻችን፤ ከዚህ ሥራ ያገኘነው ትምህርት ከሰርቮው ይበልጣል። ክርክራችን ረዥም የነበረው ሁላችንም ስለ ገበያው ዕቃ ስለ ተናገርን፥ ማናችንም ስለ ሥራው ስላልለካን ነው። አንድ ሚዛን ሦስት ጊዜ በተነበበ ጊዜ ሦስቱ ወገኖች አንድ ሆኑ። ከመካከላችን ማንም በድምፁ ከፍታ አላሸነፈም፤ ያሸነፈው ቍጥሩ ነው። በቅርቡ ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተን፥ አንዳንዶቻችን ወደ ዩኒቨርሲቲ፥ አንዳንዶቻችንም ወደ ልዩ ልዩ ሥራ እንሄዳለን። የውሃ ፓምፕ፥ የወፍጮ ሞተር፥ የጭነት መኪና ለየቀበሌያችን ስንመርጥ የምንገኝ ከመካከላችን አይጠፉም። በዚያን ጊዜ የሰው ገንዘብና የሰው ሕይወት በእጃችን ይሆናል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን የአባቶቻችንን ምሳሌ አንረሳም፤ አስቀድመን መሬቱን እንለካለን፥ ከዚያም በሬውን እንገዛለን።

ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ የሽቦ ጥቅልል ሚዛኑን፥ ሰርቮውንና መኪናዋን ለእናንተ ትተንላችሁ እንሄዳለን። ከእኛ የተሻለ እንድትሠሩ እንጂ እኛ የሠራነውን ተመልክታችሁ ብቻ እንድትደነቁ አንፈልግም። መኪናዋ አሁን ድንች ጭና ከበሩ እስከ ሰንደቅ ዓላማው ድረስ በጠጠሩ ላይ ትሄዳለች። ስታልፍ ሞተሩን ብቻ አትመልከቱ፤ በፊቷ ያለውን፥ ድምፁ የማይሰማውን ትንሹን አገልጋይ ተመልከቱ።